የመውረዱ ክፍል

ቀበሌ አሥራ ሦስት፣ ከወፍጮው ጎን ያለች፣
ቆርቆሮዋ ላልቶ የምታጨበጭብ ቪዲዮ ቤት ነበረች።
እኔ ትኬት ቆራጭ፣ አንዳንዴም ተርጓሚ፣
ያልሰማሁትን ቃል ከሆዴ ለቃሚ፤
ከቤዛዊት ኮረብታ በቀር ወጥቼ የማላውቅ፣
ከዚያ ላይ ጣናን አይቼ «ዓለም ይኸው» ብዬ የምስቅ።

አንድ እሁድ ከሰዓት፣ ሐይቁን ደመና ሲጫነው፣
የተራራ ፊልም ከፈትኩ፤ ቤቱ ጢም ብሎ በሰው።
ጋሽ ቢምረው ገባ፣ የጀልባ ወደቡ ዘበኛ፣
ሁለት ብሩን ከፈለና ተቀመጠ ከእኛ።
ደባርቅ ነው አገሩ። በጉብዝናው ዘመን፣
እስከ ራስ ዳሽን ጫፍ የፈረንጅ ድንኳን
በበቅሎ ሲጭን፣ በትከሻው ሲሸከም፣
አሥራ ሰባት በጋ ኖሯል። ቀድሞ ነግሮኝ አያውቅም።

ፊልሙ ጀመረ። ጀግናው በአንድ እጁ፣ በጣቱ ጫፍ፣
ከገደል ተንጠልጥሎ፣ ከሥሩ ደመና ሲያልፍ፣
ለፍቅረኛው ያወራል፣ ያውም ረጅም ወሬ፤
እኔም እተረጉማለሁ፣ ማር ጨው ጨማምሬ።

«ውሸት» አለ ጋሽ ቢምረው፣ ከጨለማው ውስጥ ቀስ ብሎ።
«እዚያ ላይ ሰው አያወራም። ትንፋሽ የለ፣ ምን ተብሎ?
ውሃ ስጠኝ ለማለት ሦስቴ ነው የምታርፍ።
ራስህ እንደ ከበሮ፣ ግንባርህ በውስጥ ሲገረፍ፣
ፍቅር ቀርቶ የእናትህ ስም ይጠፋብሃል ከአፍ።»

«ዝም በል አንተ ሽማግሌ!» አለ አንድ ባጃጅ ነጂ።
በረዶው ተንዶ ወረደ፣ እንደ ፈነዳ ፈንጂ።
ቫዮሊን፣ ከበሮ፣ ጡሩምባ። ጀግናው ወዳጁን ያዘ፤
ገመዱ ክር በክር ሲበጠስ ጊዜው ራሱ ፈዘዘ።
ወዳጁም ወደቀ። ጩኸቱ ረዘመ፣ ረዘመ፣
እኔም በማይኩ አብሬ ጮኽኩ፤ ቤቱ በሙሉ ታመመ።

ያኔ መብራት ሄደ።

ቆርቆሮው ላይ ዝናብ። የደንገል፣ የእርጥብ ካልሲ ሽታ።
ጄኔሬተር የለን፤ ሰዉ «ብሬን!» ብሎ ጮኸ ለአፍታ።
ከዚያ ጋሽ ቢምረው፣ ለማንም ሳይሆን፣ ለግድግዳው፦

«ጫኔ አልጮኸም» አለ።

«ከፊቴ ነበር፣ በስተቀኝ፣ በቅሎዋን ይዞ በልጓም፤
ጠባብ መንገድ። ጭጋግ። የተለየ ነገር የለም፤
ትናንት ያለፍንበት ነው፣ ከትናንት ወዲያም።
አንድ ድንጋይ ተንከባለለ፣ ቋ፣ ቋ፣ ከዚያ ዝም።
ዞር ስል በቅሎዋ ብቻዋን፣ ጆሮዋን ወደ ገደሉ ቀስራ፣
የእንግዶቹን እራት እንደጫነች፣ አንድ ድንች ሳታጎድል ከአደራ።
ሙዚቃ የለ። ዳቦ ልማዱ የሆነ አንድ ቁራ
ይዞራል ከአጠገቤ፣ እኔ ስሙን ስጣራ።

«አስጎብኚው ሰዓቱን አየ። ፈረንጇ አለቀሰች፣ እውነት ነው፤
ሲመሽ ግን ድንኳን ተተከለ። ድንቹም ተቀቀለ፤ ጥሬ ነው፤
እዚያ ላይ ውሃ ይፈላል እንጂ አያበስል።
በላን። እኔም በላሁ። ታዲያ ምን ልበል?
በነጋታው ጫፉ ላይ ደረሱ። ካሜራውን ለእኔ ሰጡኝ፤
‹አንድ፣ ሁለት› ብዬ አነሣሁ። ፎቶውን ልከው ይሆናል፣ አላገኙኝ።
ቢያገኙኝስ?
ሁለታችን የለንበትም።»

መብራት መጣ።
ጀግናው ከጫፉ ደርሶ፣ ከንፈሩ ሳይላጥ፣ ጥርሱን እያሳየ ሳቀ፤
ባንዲራውን ተከለ፣ ፀሐይ ወጣች፣ ሙዚቃው ደመቀ።
«ተርጉም እንጂ!» አሉኝ። ማይኩን እንደያዝኩ አፌ ደረቀ።
ፊልሙም አለቀ።

ሰው ሁሉ ወጣ። ባጃጆቹ ጭቃውን እየረጩ ሄዱ።
ጋሽ ቢምረው ካግዳሚው አልተነሣም።
«ቀጣዩስ?» አለኝ።
«የቱ ቀጣይ?»
«የመውረዱ ክፍል ነዋ። ወጡ፣ አየን። አይወርዱም?
ሲወጣ ሰውን ልቡ ይጎትተዋል፤ ሲወርድ ማን ይይዘዋል?
ጉልበት የሚከዳው እዚያ ነው። እሱን የሚያሳይ የለህም?»
«የለኝም» አልኩት።

ካፖርቱን ቆለፈ።
የቪዲዮ ቤቱ ደረጃ ሦስት ብቻ ናት፣ ዝናብ ያራሳት፣
በዱላው አስቀድሞ ነካት፣
ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፣ ተረከዙን በጎን አሳረፈ፣
አንዷን ወረደ። ተነፈሰ። ሁለተኛዋን አለፈ።
ትኬቶቹን በእጄ እንደያዝኩ፣ በሩን ሳልዘጋ ቆሜ፣
እስከ መጨረሻው አየሁት።